እናቴ ለዓይን ሞራ ኦፕሬሽን የትኛውን ሌንስ ታስገባ? ሐኪሙ ሦስት አማራጭ ሰጥቶናል

የመምህርቷ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቴ ጉዳይ ነው። 67 ዓመቷ ነው፣ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ አላቸው፣ የግራው ብሷል። ሰሞኑን አንድ የግል ክሊኒክ ወስጃት ኦፕሬሽን ያስፈልጋታል ተባልን። እሱን ጠብቀነው ነበር። ያልጠበቅነው የሌንሱን ምርጫ ነው። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሦስት ስም ጻፈልን፤ ሞኖፎካል፣ ቶሪክ፣ ትራይፎካል። ከጎናቸው ዋጋ። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ነው። «ተመካከሩና ንገሩን» ብሎ ሸኘን። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ስለነበር ብዙ መጠየቅ አልቻልንም።

ቤት ስንገባ ክርክሩ ተጀመረ። ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜ «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ ውዱን አስገቡላት» ይላል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጎረቤታችን ተራውን አስገብተው በደንብ ያያሉ ትላለች። እማዬ ራሷ «እናንተ እንዳላችሁ» ነው መልሷ። ሰው እንዳታስቸግር ብላ ነው። የእሷ ጭንቀት አንድ ነው። በየቀኑ ሳይነጋ ተነስታ ዳዊት ትደግማለች። አሁን ፊደሉ ጭጋግ ውስጥ የገባ ይመስለኛል ትላለች። መጽሐፉን ገልጣ ትይዘዋለች እንጂ የምታስታውሰውን በቃሏ ነው የምትለው።

ውዱ በእርግጥ ይሻላል? ተራ የሚባለውስ ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው? ራሳችሁ ያስገባችሁ ወይም ቤተሰብ ያሳከማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ማዕዶት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። እኔ ሁለቱንም ዓይኔን ትራይፎካል ነው ያስገባሁት፤ ፓንኦፕቲክስ የሚባለውን፣ እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደውን። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ መንገድ። ዛሬ መነጽር የለኝም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሁሉ አነባለሁ። ማታ በመብራት ዙሪያ ክብ ክብ ነገር ይታየኛል፣ መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ትኩረት መስጠት ተውኩ።

የገንዘቡን ነገር ካነሳሽ፣ ሜዲኬር ፓርት ቢ (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአዛውንቶች የሚሰጠው የጤና መድን) ኦፕሬሽኑንና ተራውን ሌንስ ነው የሚሸፍነው፣ ከዓመታዊው ተቀናሽ በኋላ 80 በመቶውን። ከኦፕሬሽኑ በኋላም አንድ መነጽር ይከፍላል። የትራይፎካሉ ልዩነት ግን ከኪስ ነው፣ ለአንድ ዓይን ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር። አልቆጨኝም። አቅሙ ካለ ወንድምሽ ልክ ነው።


የሌሊት ሹፌር (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ማዕዶት፣ ለአንቺ ስለሆነልሽ ደስ ብሎኛል። ለሁሉም ይሆናል ማለት ግን አይደለም።

እኔ ኑሮዬ ማታ ነው። ኤርፖርት፣ ሃይዌይ፣ ዝናብ። ከቅርብም ከሩቅም የሚያሳይ ሌንስ አለ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ሥራህ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ከፊት ለፊቴ የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራቱ ቀለበት ሠርቶ ይመጣል፣ ቀለበቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቀለበት አለ። ዝናብ ሲጨመርበት አስፋልቱ ላይ ያለው ነጭ መስመር ይጠፋብኛል። ሐኪሙ ትለምደዋለህ አለኝ። ለቀኑ ለምጄዋለሁ፣ ጋዜጣም ያለ መነጽር አነባለሁ። ለማታው ግን የሥራ ሰዓቴን ነው የቀየርኩት፣ ገቢዬም አብሮ ቀነሰ። ሌንሱን አውጥቶ መቀየር ይቻላል ይላሉ። ግን ሌላ ኦፕሬሽን ነው፣ አደጋውም ከመጀመሪያው ይበልጣል።

እናትሽ መኪና እንደማይነዱ እገምታለሁ። ቢሆንም ከመፈረማችሁ በፊት ሐኪሙ ስለ ኑሯቸው እንዲጠይቅ አድርጉ። ካልጠየቀም እናንተ ንገሩት።


መነጽረ ጥበብ (ኦፕቶሜትሪስት፣ አዲስ አበባ)

እህቴ፣ የእናትሽን ዓይን ስላላየሁ የሐኪማቸውን ቦታ ልወስድ አልችልም። ግን ጥያቄው «ውዱ ወይስ ተራው» ተብሎ ከተጀመረ መልሱም ይበላሻል። ሌንስ የሚመረጠው የሰውዬውን ኑሮና የዓይኑን ጤንነት አይቶ ነው። ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሞኖፎካል አንድ ርቀት ላይ አጥርቶ የሚያሳይ ሌንስ ነው። ብዙ ቤተሰብ የማይነገረው ነገር ይሄ ነው፦ ያ ርቀት ይመረጣል። ለሩቅ ማድረግ ይቻላል። ካልተጠየቁ አብዛኞቹ ሐኪሞች የሚያደርጉት ይህንን ነው፣ ለአብዛኛው ሰውም ልክ ነው። ለቅርብ ማድረግም ይቻላል። ዓይኑ ማይነስ 2.50 ላይ፣ ማለትም ቅርቡ ጠርቶ ሩቁ በሚደበዝዝበት ቁጥር ላይ፣ እንዲቀር ተደርጎ ከተሰላ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የተያዘ መጽሐፍ ያለ መነጽር ይነበባል፣ መነጽሩ ለሩቅ ይሆናል። የሌንሱ ዓይነትም ዋጋውም ያው ነው። የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ቶሪክ አስቲግማቲዝም ላለበት ነው። የዓይን የፊት ለፊቱ መስታወት፣ ኮርኒያ የምንለው፣ በአንድ በኩል በዝቶ ሲጎብጥ የሚመጣ ችግር ነው። አንድ ዳዮፕተር (የመነጽርና የሌንስ ቁጥር የሚለካበት ነው) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቶሪክ ጥሩ ልዩነት ያመጣል። ከዚያ በታች ከሆነ ለብዙ ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። ሌንሱ ደግሞ በትክክለኛው አንግል መቀመጥ አለበት፣ 30 ዲግሪ ከዞረ ጥቅሙ ዜሮ ነው። ስለዚህ «ቶሪክ ያስፈልጋታል» ከተባላችሁ ስንት ዳዮፕተር እንደሆነ ጠይቁ፣ ቁጥሩ በልኬት ወረቀቷ ላይ አለ።

ትራይፎካል ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ለሩቅ፣ ለመካከለኛና ለቅርብ ይከፋፍለዋል። መነጽር የሚያስቀረው በዚህ ነው። ክቡ ብርሃን የሚመጣውም በዚሁ ነው። ለእያንዳንዱ ርቀት የሚደርሰው ብርሃን ስለሚቀንስ ደብዘዝ ባለ ቦታ ማንበብ ይከብዳል። ረቲናው (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን)፣ ኮርኒያው፣ የዓይኑ ነርቭ፣ ሁሉም ጤነኛ መሆን አለበት።

አሁን የምጠይቅሽ፦ እናትሽ ሞራው ሳይመጣ በፊት ሲያነቡ መነጽር ያደርጉ ነበር? ያለ መነጽር የሚያነቡ ከሆነ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ነው ወይስ በቅርብ ዓመታት የመጣ ነው? አንዳንዱ ሞራ መሃሉ እየጠጠረ ሲሄድ ዓይንን ወደ ማይነስ ይገፋዋል። ያኔ አዛውንቶች «ዓይኔ ታደሰ፣ መነጽሬን ጣልኩ» ይላሉ። ያ የሞራው ሥራ ነው፣ ሞራው ሲወጣ አብሮ ይሄዳል። ሌላው፣ ሳይነጋ የሚያነቡት በምን ብርሃን ነው? ስኳር ወይም የዓይን ግፊት አለባቸው? ረቲናቸው ታይቷል?


የመምህርቷ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያስረዳን ሰው አልነበረም። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ ሩቅ አታይም። ክፍል ውስጥ መነጽር የምታደርገው ከኋላ የተቀመጡትን ለማየት ነበር። ደብተር ስታርም ታወልቀዋለች። እስካሁን ሽሮ ስትለቅም፣ መርፌ ስትሰካ፣ ስታነብ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ነው። የንባብ መነጽር ገዝታ አታውቅም።

የምታነበው በጧፍ ነው። መብራት አብሪ ብንላትም ልጆቹን እቀሰቅሳለሁ ትላለች።

ስኳር አለባት፣ ብዙ ዓመቷ ነው፣ በኪኒን ነው። ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮባት ነበር፣ ሞራው ከልሎት ኋላው በደንብ አልታየኝም አለ። ስለ ስኳሩ ሌላ ነገር አልተነሳም።


መነጽረ ጥበብ

እንግዲህ ነገሩ ብዙ ጠራ። ሁለት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ስኳር። የስኳር ሕመም ረቲናን፣ በተለይ የምናነብበትን መሃሉን፣ ሊያሳብጠው ወይም ሊያደማው ይችላል። ይሄ ሳይጣራ ትራይፎካል ላይ መወሰን ልክ አይደለም። ሞራው ቀጭን በሆነበት በኩል ኦሲቲ በሚባለው የረቲናውን ንብርብር በብርሃን በሚያነሳ መሣሪያ ማንሳት ይሞከራል። ጨርሶ ከከለለ ደግሞ በአልትራሳውንድ ረቲናው ቦታው ላይ መሆኑን ማየት ይቻላል። ስኳሯም ከኦፕሬሽኑ በፊት መስተካከል አለበት። በነገራችን ላይ ረቲናዋ ዛሬ ደህና ቢሆን እንኳ ስኳር እድሜ ልክ የሚከተል በሽታ ነው፣ ከአምስት ከአሥር ዓመት በኋላ መሃሉ ሊነካ ይችላል። ያኔ ብርሃን የሚከፋፍል ሌንስ ዓይን ውስጥ መኖሩ ሌላ ሸክም ነው።

ሁለተኛ፣ የንባቡ ነገር። 60 ዓመት ሙሉ መነጽሯን አውልቃ ስታነብ የኖረች ሴት ሌንሷ ለሩቅ ተሰልቶ ፋሻዋ ሲነሳ ከመስኮት ውጭ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ሁሉ ይታያታል፣ የራሷ እጅ መዳፍ ግን ይደበዝዝባታል። መርፌው፣ ሽሮው፣ ዳዊቱ፣ ሁሉም መነጽር ይፈልጋል። ኦፕሬሽኑ በሕክምና ዓይን ፍጹም የተሳካ ነው፣ 6/6፣ ማለትም ሙሉ የሩቅ እይታ፣ ተብሎ ካርድ ላይ ይጻፋል። እሷ ግን አዝና ነው የምትመለስ። እንዲህ ያሉ እናቶች እኔ ጋ ይመጣሉ። «ድሮ የማየውን ወሰዱብኝ» ይሉኛል። በንባብ መነጽር ይስተካከላል፣ ግን ማንም አስቀድሞ ቢጠይቃቸው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ ለሐኪሙ እንዲህ በሉት፦ «እናታችን እድሜ ልኳን ማይነስ ናት፣ ያለ መነጽር ነው የምታነበው፣ እንደዛው እንድትቀር እንፈልጋለን፣ ለሩቅ መነጽር ለምዳለች።» ይህንን የሰማ ሐኪም ሌንሱን ለቅርብ ያሰላዋል። ይሄ በተራው ሞኖፎካል የሚደረግ ነው። የቀኝ ዓይኗ ቁጥርስ ስንት ነው? ማይነሱ ከፍ ያለ ከሆነ ሌላ ምክንያትም አለ። አንዱ ዓይን ዜሮ ሆኖ ሌላው ማይነስ 5 ላይ ከቀረ በመነጽር ማመጣጠን በጣም ያስቸግራል፣ ራስ ያዞራል። ለቅርብ ከተደረገ ግን የሁለቱ ልዩነት ይጠባል፣ ሁለተኛው ኦፕሬሽን እስኪደርስ በሰላም ትቆያለች።


ወንድሟ ከቨርጂኒያ

እኔ ውዱን በሉ የሚለው ወንድሟ ነኝ። እህቴ ሊንኩን ልካልኝ ነው የገባሁት። ለእናቴ የማልሰስተው ነገር ስለሌለ ነው እንጂ ክርክር ፈልጌ አይደለም። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሞኖፎካልም ቢሆን ጥሩ የሚባለውን ከዚህ ገዝቼ በሰው እጅ ብልክ አይሻልም? አገር ቤት የሚገባው ሌንስ ጥራቱን ማን ያውቃል?


ሬዚደንት (የዓይን ሕክምና፣ ጎንደር)

ወንድሜ፣ ሌንስ በሻንጣ አይላክም፣ ምክንያቱን ልንገርህ።

የሌንሱ ቁጥር የሚታወቀው ዓይኗ ተለክቶ ነው። የዓይኑ ርዝመትና የኮርኒያው ጉብጠት ተወስዶ በቀመር ይሰላል። ርዝመቱ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት እስከ 3 ዳዮፕተር ሊያዛባ ይችላል፣ ለቅርብ የታሰበ ዓይን ለሩቅም ለቅርብም የማይሆን ቦታ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ግራና ቀኝ ዓይን አንድ ላይሆን ይችላል። ቀመሩ ውስጥ የሚገባው ቁጥርም እንደ ሌንሱ ሞዴል ይለያያል። የሚታጠፈው ሌንስ የሚገባበት የራሱ መርፌ አለው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አስብ። ኦፕሬሽን መሃል ሌንሱን የሚይዘው ስስ ከረጢት ቢቀደድ የታሰበው ሌንስ ላይገባ ይችላል፣ ሐኪሙ ወዲያው ሌላ ዓይነት ሌንስ ማንሳት አለበት። ክሊኒኩ ውስጥ የተለያየ ቁጥርና የተለያየ ዓይነት መኖር ያለበት ለዚህ ነው። አንድ ሌንስ ከዲሲ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ያኔ ምንም ሊረዳ አይችልም።

የጥራቱን ስጋት እረዳለሁ። ግን ርካሽ ማለት መጥፎ ማለት አይደለም። የመጀመሪያውን ሌንስ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ያስገባው ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን የፕላስቲክ መስኮት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባባቸውን አብራሪዎች አይቶ ነው። ያ ፕላስቲክ ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑን አላስቆጣም። ፒኤምኤምኤ የሚባለው ይሄ ፕላስቲክ ዛሬም አለ፣ ዛሬም ይሠራል። ለረጅም ጊዜ ሌንስ በጣም ውድ ስለነበር ድሃ አገር የሚኖር ሰው ሞራው ወጥቶ ያለ ሌንስ ወፍራም መነጽር አድርጎ ነበር የሚኖረው፣ የድሮ ሰዎች ፎቶ ላይ ታያቸዋለህ። ያንን የቀየሩት ሕንድ ማዱራይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቋቋመው አውሮላብና እንደ እሱ ያሉ ፋብሪካዎች ናቸው። የሌንስን ዋጋ ከመቶ ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ ጥቂት ዶላር አወረዱት። የፍሬድ ሆሎውስ ፋውንዴሽን የሚባለው የአውስትራሊያ የዓይን ሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅትም አስመራና ካትማንዱ ላይ ፋብሪካ ያቆመው ለዚሁ ነበር።

ልዩነት የለም ግን አልልም። ጠንካራው ፒኤምኤምኤ ስለማይታጠፍ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ይፈልጋል። የሚታጠፈው አክሪሊክ ሌንስ ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ ተጠቅልሎ ይገባል፣ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ አስቲግማቲዝምም ብዙ አያመጣም። ለእናትህ ገንዘብ ማውጣት ከፈለግክ እዚህ ላይ አውጣ፦ ልኬቱ በብርሃን በሚሠራው መሣሪያ ይሁን፣ ሃይድሮፎቢክ አክሪሊክ የሚባለው የሚታጠፍ ሞኖፎካል ይሁን፣ ረቲናዋ በሚገባ ይታይ፣ የሁለተኛው ዓይን ወጪም ከአሁኑ ይያዝ። የስኳር ክትትሏም አለ። ትራይፎካሉ የሚጠይቀው ገንዘብ ለዚህ ሁሉ ይተርፋል።


ማዕዶት

ሬዚደንት፣ የተናገርከውን አልቃወምም። ግን ሰዉ ትራይፎካልን እንደ መርዝ እንዳያየው እፈራለሁ። ስኳር የሌለበት፣ ረቲናው ጤነኛ የሆነ፣ ማታ ብዙ የማይነዳ፣ መነጽር የመረረው ሰው ካለ ትልቅ ነፃነት ነው። ደግሞ ኢዶፍ የሚባሉትስ?


ሬዚደንት

ልክ ነሽ፣ ለተመረጠ ሰው ጥሩ ሌንስ ነው። ኢዶፎቹ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ የተፈቀደው ቪቪቲ፣ ከሩቅ እስከ ኮምፒውተር ርቀት ያሳያሉ። ክቡ ብርሃን ይቀንሳል። ለደቃቅ ጽሑፍ ግን መነጽር ያስፈልጋል። ለሹፌሩ ወንድማችን ይሄ ወይም ሞኖፎካል ይሻለው ነበር ብዬ አስባለሁ።


ሲስተር (ባሕር ዳር)

በነፃ የሞራ ዘመቻዎች ላይ የሠራሁ ነርስ ነኝ። ከገጠር በሰው ትከሻ ተይዘው የሚመጡ አሉ፣ ሁለቱም ዓይን ነጭ ሆኖ። ማታ ተሠርቶላቸው ጠዋት ፋሻው ሲነሳ የማናቸውን ፊት እንደሚፈልጉ ብታዩ! የተደረገላቸው ያ ተራ የምትሉት ሌንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ የሚሆኑት በሞራ ምክንያት ነው ያላዩት። ለነዚህ ሰዎች «ትራይፎካል ወይስ ቶሪክ» የሚባል ጥያቄ የለም፣ ሌንስ አለ ወይ ነው ጥያቄው። ስለዚህ ተራ ሲባል ዝቅተኛ አድርጋችሁ አትዩት።

ሁለት ነገር ልጨምር። «ሞራው ካልበሰለ አይነካም» የሚለውን ተዉት። ድሮ ነው። ዛሬ ኑሮን ካወከ በቂ ነው። በጣም የበሰለ ሞራ እንደ ድንጋይ ስለሚጠጥር ለሐኪሙም ለዓይኑም ይከብዳል። ሌላው፣ በአገራችን የዓይን ማዝ ብዙ ነው። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮርኒያውን የቧጨረበት ሰው ውድ ሌንስ ቢያስገባ በተቧጨረ መስኮት ነው የሚያየው። በዓይን ነጩ ላይ ወደ ጥቁሩ የሚያድግ ሥጋም አለ፣ ፀሐይና አቧራ ላይ የሚውል ሰው ላይ ይበዛል። እሱ ካለ ልኬቱን ያዛባል፣ መጀመሪያ እሱ ይነሳና ዓይኑ ሲረጋ ይለካል። የእናትሽ ሐኪም ይሄን ማየቱን አረጋግጪ።


የቄሱ ልጅ (ኔታንያ)

ከእስራኤል ነኝ። እዚህ ተራውን ሌንስ ቁፓት ሆሊም የሚባለው የጤና መድን ድርጅት ይሸፍናል፣ ከዚያ በላይ ከፈለግክ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ነው። የእኛ ችግር ገንዘብ አልነበረም፣ ቋንቋ ነው። አባቴ ወረቀቱን በዕብራይስጥ ሰጥተውት ፈረመ። ለሩቅ ይሁን ለቅርብ የጠየቀው የለም። ለሁለተኛው ዓይን ሲሄድ አስተርጓሚ ይምጣ ብዬ ቆምኩ፣ በስልክ በአማርኛ የሚያስተረጉሙ አሉ። ያኔ ነው በመጀመሪያው ዓይኑ ሩቅ፣ በሁለተኛው ደግሞ ትንሽ ቀረብ ያለውን እንዲያይ የተስማማነው። ልዩነቱ አነስተኛ ስለሆነ አላዞረውም። ዛሬ ሰው ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ መልኩን ለይቶ ያወራል፣ ስልኩንም ያያል። ኦሪት ሲያነብ መነጽር ያደርጋል።

ወላጆቻችሁን ብቻቸውን አታስፈርሟቸው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ የሚሰጠውን ትንሽ ካርድም አስቀምጡ። የሌንሱ ሞዴልና ቁጥር እሱ ላይ ነው ያለው። ሁለተኛው ዓይን ሲሠራ፣ ወይ አገር ስትቀይሩ፣ ሐኪም ሁሉ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።


አንባቢ ብቻ

አንድ ነገር ልጠይቅ። አክስቴ ከተሠራላት በኋላ ሞራው ተመለሰባት ተባለ። ሌንሱ የሚቆየው ስንት ዓመት ነው? ርካሽ ስለሆነ ይሆን?


ሬዚደንት

ሌንሱ ጊዜ የለውም፣ እድሜ ልክ ይኖራል። ሞራም አይመለስም። ሌንሱ የተቀመጠበት ስስ ከረጢት ከጊዜ በኋላ ሊደበዝዝ ይችላል፣ በየትኛውም ሌንስ ያጋጥማል። ያግ በሚባል ሌዘር በደቂቃዎች ውስጥ ይከፈታል፣ ዓይን አይቀደድም። አክስትህን ውሰዳት፣ እንደዛ ሆና አትቀመጥ።


የመምህርቷ ልጅ

ትናንት ሄድን። የጻፋችሁትን ሁሉ በወረቀት ገልብጬ ነው የሄድኩት። ሐኪሙ ጊዜ ሰጥቶን አወራን። ስኳር እንዳለባትና እድሜ ልኳን ያለ መነጽር እንደምታነብ ስነግረው ትራይፎካሉን ራሱ ሰረዘው። አስቲግማቲዝሟ ከአንድ ዳዮፕተር በታች ስለሆነ ቶሪኩም ቀረ። በኦሲቲ ሲያዩት የግራው ጥርት ብሎ ባይነሳም መሃሉ እብጠት የለውም ተባለ፣ ከኦፕሬሽኑ በኋላ በድጋሚ ይታያል። የሚታጠፍ ሞኖፎካል፣ ለቅርብ፣ ማይነስ 2.50 አካባቢ። የቀኙ ዓይኗ ማይነስ 4.50 ስለሆነ ለእሱም ይሄ ይሻላል አለን።

ሐኪሙ እሷንም ጠየቃት። «ሩቁን በመነጽር ማየት ለምጄዋለሁ። ዳዊቴን ብቻ አትንኩብኝ» አለችው። እኛ ቤት እንዲህ አድርጋ ተናግራ አታውቅም።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ ከሌንሱ ውጭ ነው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ መስገድ ትችላለች? ጠበልም ትሄዳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች። ክልክል ነው ብላት እሺ አትለኝም፣ ምክንያቱን መንገር አለብኝ።


ወንድሟ ከቨርጂኒያ

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ገንዘቡን ለሁለቱም ዓይን ልኬአለሁ።


ሲስተር

እህቴ፣ ምክንያቱን እንዲህ አስረጃት። ቁስሉ ያለ ስፌት ነው የሚዘጋው፣ በራሱ ግፊት ገጥሞ። ግንባሯ መሬት እስኪነካ ስትሰግድ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ ገና ያልጠነከረ ቁስል ሊያስከፍት ይችላል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆማ ትጸልይ፣ ራሷን ዝቅ ማድረግ በቂ ነው። መቼ እንደምትጀምር ሐኪሟ ቁስሉን አይቶ ይነግራታል። የንስሐ አባቷም ሕመምተኛ ናትና ይፈቅዱላታል፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ከእናንተ ይልቅ እሳቸው ሲሏት ትሰማለች።

ጠበሉን ትጠጣ። ፊቷ ላይ ግን አይረጭ፣ ዓይኗ ውስጥ ምንም ውሃ አይግባ፣ የቧንቧም ይሁን የምንጭ። ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን በአጭር ጊዜ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ፊቷን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዓይኗ ራቅ አድርጋችሁ ጥረጉላት። ፀጉሯን ሰው ወደ ኋላ አዘንብሎ ይጠባት። እንጨት ከሚጤስበት ማድ ቤትም ትራቅ፣ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። ማታ የሚሰጣትን የፕላስቲክ ጋሻ አድርጋ ትተኛ፣ በእንቅልፍ ልቧ እንዳታሸው።

ጠብታው አራት ሳምንት ገደማ ነው፣ ቀስ እያለ እየተቀነሰ ይሄዳል፣ ዳነች ብላችሁ እንዳታቋርጡ። ከመጨመራችሁ በፊት እጅ በሳሙና፣ የብልቃጡ ጫፍ ሽፋሽፍቷን አይንካ። ሕመም ከጨመረ፣ ከቀላ፣ ወይም ትናንት ያየችው ዛሬ ከደበዘዘባት ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ውሰዷት። የሩቅ መነጽሯን ግን አሁን እንዳትገዙ፣ ቁጥሩ የሚረጋው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።